ሹመትና የባንክ ብድር፦ ከከተማዋ ዳርቻ ለደረሱኝ ጥያቄዎች

ባለፉት ሳምንታት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታና ከአሸዋ ሜዳ የደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፤ ባለሥልጣናትና የፖለቲካ ሰዎች ከባንክ ሲበደሩ ከሌላው ዜጋ የተለየ መስተንግዶ ያገኛሉ ወይ የሚል። የጻፉልኝ ሰዎች በጠየቁኝ መሠረት ስማቸውን አላወጣሁም፤ ጥያቄዎቹንም ጭብጣቸውን ሳልለውጥ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አነስተኛ የብሎኬት ማምረቻ አለኝ። ለማሽን መግዣ ብድር ከጠየቅሁ 8 ወር ሆኖኛል፤ በሄድኩ ቁጥር «ኮሚቴ ላይ ነው» እባላለሁ። በአካባቢያችን በሹመት ላይ ላለ ሰው ወንድም ግን በሦስተኛው ሳምንት ገንዘቡ ተለቀቀለት። ለባለሥልጣን ወገን ወለዱም ይቀንሳል ወይ?

መልስ፦ ወለዱ ላይ ብዙ ልዩነት ያገኛሉ ብዬ አልጠብቅም። ባንኮች የብድር ወለዳቸውን በአብዛኛው በዘርፍ ለይተው ስለሚወስኑ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተቀነሰ ወለድ በኦዲተር ዓይን ቶሎ ይታያል። አድልዎ የሚሻው ወረቀት ላይ የማይገኝበትን ቦታ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ እርስዎን ያስመረረው ወረፋ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ገደቡ የታሰበው የዋጋ ንረትን ለመግታት ነው፤ ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን የሚሰጠው ብድር ተለክቶ ጠያቂው ሲበዛ፣ ማን ይቅደም የሚለው ውሳኔ በጥቂት ሰዎች እጅ ይወድቃል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዲት የስልክ ጥሪ የምታመጣው ለውጥ ከወለድ ቅናሽ እጅግ ይበልጣል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ያለፈበትን ጊዜ ያስታውሱ። ያን ጊዜ የብድር ወለድ ከንረቱ በእጅጉ ያነሰ ስለነበር፣ በመደበኛው ወለድ የተበደረ ሰው እንኳ ዕዳው በየወሩ እየቀለለለት ይሄድ ነበር። ስለዚህ ብድሩን ማግኘት በራሱ ትልቅ ጥቅም ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ቦታ የመያዣ ግምት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ባንክ የሚይዘው ቤቱንና በሊዝ የተገኘውን የመጠቀም መብት ነው። እኛ በምንኖርበት የከተማ ዳርቻ ደግሞ ገና ያላለቀ ቤት፣ ካርታው ያልተስተካከለ ይዞታና ከአርሶ አደር የተገዛ ቦታ ተደባልቀው ስለሚገኙ፣ ገማቹ የሚጽፈው አኃዝ በአንድ ሰው ብያኔ ሰፊ ርቀት ሊለዋወጥ ይችላል። ይህን የምለው ገማቾችን ሁሉ ለመጠርጠር አይደለም፤ አብዛኞቹ ጭቃውን ረግጠው፣ ግድግዳውን ለክተው በሐቅ የሚሠሩ ናቸው።

ሦስተኛውና በእኔ እምነት ከሁሉ የከበደው፣ ብድሩ ሳይመለስ ሲቀር የሚሆነው ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ያው አዋጅ በአንዱ ላይ ቀኑን ቆጥሮ ሲፈጸም፣ በሌላው ላይ የመክፈያ ጊዜው ደጋግሞ እየተራዘመለት ዓመታት ካለፉ፣ ወለዱ ለሁለቱም እኩል ነበር ማለት ምንም ትርጉም የለውም።

ስለ ጎረቤትዎ ወንድም ግን ፍርድ አልሰጥም፤ ካርታው የተሟላ፣ በባንኩም ለረጅም ጊዜ የቆጠበ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ማድረግ የሚገባዎ ጥያቄዎን በጽሑፍ ማስገባት፣ የጎደለው ሰነድ ምን እንደሆነ ባንኩ በጽሑፍ እንዲገልጽልዎ መጠየቅ፣ መልስ ካጡም በብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ጥበቃ ለሚመለከተው ክፍል ማመልከት ነው። በተጨማሪም በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚገዙት ማሽን ራሱ ለብድሩ ዋስትና እንዲሆን ያቅርቡ። ብዙ አነስተኛ አምራቾች ይህ በር መከፈቱን አያውቁም።

ጥያቄ፦ አድልዎው የሚብሰው በመንግሥት ባንኮች ነው ወይስ በግል ባንኮች? በሐሜት ሳይሆን በማስረጃ ቢመልሱልኝ።

መልስ፦ ጥያቄው በሌሎች አገሮች በጥንቃቄ ተጠንቷል። በብዛት የሚጠቀሰው አሲም ኽዋጃና አቲፍ ሚያን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በፓኪስታን ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ከ90,000 በላይ ድርጅቶች የወሰዱትን ብድር መርምረው፣ በቦርዳቸው ፖለቲከኛ ያለባቸው ድርጅቶች ከሌሎቹ 45 በመቶ የበለጠ ብድር እንደሚያገኙ፣ ብድሩን ሳይመልሱ የመቅረት መጠናቸውም በ50 በመቶ እንደሚበልጥ አሳዩ። ለጥያቄዎ ቁልፍ የሆነው ግኝት ግን አድልዎው የታየው በመንግሥት ባንኮች ብቻ መሆኑ ነው፤ የግል ባንኮች ለእነዚሁ ድርጅቶች የተለየ ነገር አላደረጉም። በሕንድም የመንግሥት ባንኮች የግብርና ብድር በምርጫ ዓመት ከፍ እንደሚል በጥናት ታይቷል። በጣሊያን የመንግሥት ባንኮች የሚያበድሩበት ሁኔታ በአካባቢው ጠንካራ ከሆነው ፓርቲ ጋር ግንኙነት እንዳለውም ተረጋግጧል።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። የግል ባንክ ባለአክሲዮን የተበላሸው ብድር ከራሱ ትርፍ ላይ ይቀነስበታል፤ በመንግሥት ባንክ ግን ኪሳራው ለሁሉም ስለሚከፋፈል የሚቆረቆርለት ሰው ያጣል፤ አለቃውን የሚሾመውም ያው ጥያቄ የሚያቀርበው ወገን ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሁለት ጉዳዮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የልማት ባንክ ነው። ለጋምቤላ ሰፋፊ እርሻዎች የተሰጠው ብድር፣ ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት መንግሥት ራሱ ባስጠናው ጥናት፣ ካርታቸው በተደራረበ መሬቶች ላይ ጭምር እንደተሰጠና ከፊሉም ለሌላ ዓላማ እንደዋለ ተገልጿል፤ የባንኩ የተበላሸ ብድር ድርሻም በኋላ ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። እዚያ ሸክም የሆነው ለግለሰብ ሹማምንት የተሰጠ ብድር ሳይሆን፣ በመንግሥት ውሳኔ ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች የተለቀቀው ብድር ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ባንኩን ከዚህ ሸክም ለማውጣት 900 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ያ ብድር ወደ ማንም የግል ኪስ ገባ እያልኩ አይደለም። ሆኖም ብድርን የሚወስነው የተበዳሪው የመክፈል አቅም መሆኑ ቀርቶ የሹም ፈቃድ ሲሆን፣ ቆይቶ ሒሳቡ ወደ ግብር ከፋዩ ቤት እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ባንክ ለሚኒስትር ወይም ለምክር ቤት አባል እንዳያበድር የሚከለክል ሕግ የለም ወይ?

መልስ፦ የለም፤ ሊኖርም አይገባም፤ ሹምም ቤት የሚሠራና ልጅ የሚያሳድግ ዜጋ ነውና። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚያስረው ከባንኩ ጋር ግንኙነት ያላቸውን ወገኖች፣ ማለትም የቦርድ አባላትን፣ ሥራ አስፈጻሚዎችን፣ ከፍተኛ ባለአክሲዮኖችንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን ነው፤ እነዚህ ከሌላው ተበዳሪ በተሻለ ሁኔታ መበደር አይፈቀድላቸውም። የባንኩ ባለአክሲዮንም የቦርድ አባልም ያልሆነ ባለሥልጣን ግን፣ በባንኩ ላይ የቱንም ያህል ጫና ማሳደር ቢችል፣ ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። ክፍተቱ ይህ ነው።

በሌላ በኩል በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎችና ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። እኔ የምመኘው በሥልጣን ላይ ያለ ሰው የወሰደው ከፍተኛ ብድር፣ የመያዣው ዓይነትና የተራዘመለት ጊዜ ጭምር በይፋ እንዲገለጥ ነው። ማን ከየትኛው ባንክ ምን ያህል እንደወሰደ ከታወቀ፣ የስልክ ጥሪው ኃይል በብዙ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የእኛ ብቻ በሽታ ነው ወይስ የሠለጠኑትም አገሮች አለባቸው?

መልስ፦ አለባቸው። የጀርመን ፕሬዚዳንት የነበሩት ክርስቲያን ቩልፍ የአንድ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንድ ባለሀብት ወዳጃቸው ባለቤት ለቤት መግዣ 500,000 ዩሮ ተበደሩ፤ በኋላም ዕዳውን የመንግሥት ድርሻ ባለበት አንድ ባንክ በሰጣቸው ዝቅተኛ ወለድ ባለው ብድር ተኩት። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ከባለሀብቱ ጋር ስላላቸው የንግድ ግንኙነት በጠየቃቸው ጊዜ ይህን ሳይገልጹ ቀርተው ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በጋዜጣ ወጣ፤ ሌሎች ጥያቄዎችም ተደራረቡ፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በኋላ በሌላ ጉዳይ በቀረበባቸው ክስ ፍርድ ቤት ነጻ አሰናብቷቸዋል። እኛ ልንማር የሚገባን ጋዜጠኛው መጠየቅ መቻሉን፣ ሹሙም መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ማወቁን ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በቅርቡ ኃላፊነት ላይ ተሾመ። ባንኩ የገንዘባችንን ምንጭ እየጠየቀ አስቸገረን። ይህስ በደል አይደለም?

መልስ፦ እመቤቴ፣ በደል አይደለም። ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 780/2005 ባንኮች በከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት ላይ ያሉ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን በተለየ ጥንቃቄ እንዲያስተናግዱ ያዛል። የደመወዝ፣ የውርስ ወይም የሽያጭ ሰነድዎን አዘጋጅተው ያቅርቡ። ይህ ጥንቃቄ በክብር የሚሠራውን ባለቤትዎን ከሐሜት ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ባንኩ ለባለሥልጣናት ያበደረው ካልተመለሰ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ምን ይሆናል?

መልስ፦ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቋቋመ ሲሆን፣ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል። ከዚያ በላይ ያለዎ ከሆነ በአንድ ባንክ ብቻ አያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ በአየር ጤና አካባቢ በአንድ ባንክ የብድር ባለሙያ ነኝ። የአንድ ተበዳሪ የሒሳብ መዝገብ ብድሩን እንደማይችል ያሳያል፤ ሥራ አስኪያጄ ግን «ከላይ ተደውሏል፣ አስተካክለህ አቅርበው» አለኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጆች እያሉዎ መጠየቅዎ ራሱ የሚያስከብርዎ ነው፤ የምሰጥዎም ምክር እንጀራዎን እንዳያሳጣዎ ተጨንቄበታለሁ። በመጀመሪያ አኃዞቹን አይለውጡ። የብድር ትንተናው መዝገቡ የሚለውን ብቻ ይናገር፤ ብድሩ መሰጠት አለበት የሚል አለቃ ካለ፣ የእርስዎን ትንተና ሽሮ በራሱ ፊርማ ይወስን። ይህን ማድረግ የአለቃው ሥልጣን ነው፤ አኃዙን በእጅዎ ማስለወጥ ግን ሥልጣኑ አይደለም። ቀጥሎ ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ በትሕትና ይጠይቁ፤ «ለፋይሉ እንዲመች» ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ የቃል ትእዛዙ ይቀዘቅዛል፤ በጽሑፍ ከመጣም አኃዙን አይለውጡ፤ ትእዛዙን ማን እንደሰጠ ግን ማስረጃ ይኖርዎታል።

ካልሆነና ጫናው ከቀጠለ፣ መጀመሪያ የባንኩን የውስጥ ኦዲት፣ ከዚያም ብሔራዊ ባንክን ወይም የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንን ማነጋገር ይችላሉ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በሥልጣን አላግባብ መገልገልን ይቀጣል፤ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ ለምስክሮችና ለጠቋሚዎች ጥበቃ የሚደረግበትን መንገድ ይደነግጋል። የተነገረዎን ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቃሉን በራስዎ ማስታወሻ ዛሬውኑ ይጻፉ። የደንበኛውን ሰነድ ግን ቅጂም ቢሆን ከባንኩ ይዘው አይውጡ፤ የባንክ ምስጢር በማውጣት ሊከሰሱ ይችላሉና።