ኦቨርክሎክ የተደረገ ኮምፒውተር ድርግም ብሎ ሲጠፋ

አንባቢያችን የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። የኢንቴል ኮር አይ7-8700ኬ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ አድርጎ፣ ማለትም ፍጥነቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ከፍ ካደረገ ወዲህ ቀላል ሥራ ላይ ችግር የለም፤ ያለቀውን ቪዲዮ ሲያወጣ ግን ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሙቀቱ 78 ዲግሪ ነው። አንድ ጠጋኝ የፕሮሰሰሩን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ሁለት ጊዜ ቀይሮለታል፤ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን የፓወር ሰፕላዩን የተቃጠለ ፊውዝም በሽቦ አገናኝቶለታል።

ወንድሜ፣ መልሴን ከማንበብህ በፊት ሶኬቱን ንቀል። ፊውዙ በሽቦ የተተካ ፓወር ሰፕላይ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ፈትቼ ላስተካክለው እንዳትል፤ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። አትክፈተው፣ ጣለው።

የምጠረጥረውም እሱኑ ነው። ሙቀት ቢሆን ኖሮ ይህ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲደርስ አስቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። ቮልቴጅ ቢያንሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊው የስሕተት ገጽ ይመጣል ወይም ስክሪኑ ባለበት ይቆማል። ያለ ምንም ምልክት መጥፋት ሸክሙን ያልቻለ ፓወር ሰፕላይ ጠባይ ነው። ቅባቱ በከንቱ ተቀየረ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይህ ነው፦ የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ በፍጥነቱ ልክ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። ስድስቱም ኮሮች ሲሠሩ የፋብሪካው ፍጥነት 4.3 ጊጋኸርዝ ነው። 5 ስታደርገው 16 በመቶ ጨመርክ። ለዚያ ብለህ ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.35 ካሳደግህ፣ 1.35ን ለ1.20 አካፍለህ ውጤቱን በራሱ አባዛው፤ 1.27 ገደማ ይሆናል። ይህን በ1.16 ስታባዛው 1.47 ይመጣል። 100 ዋት ይበላ የነበረው 147 ዋት ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ለ16 በመቶ ፍጥነት። ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ፕሮግራም) ቮልቴጁን በራሱ እንዲመርጥ ከተውከው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጠዋል። ቪዲዮ ሲወጣ ግራፊክስ ካርዱም አብሮ ይስባል።

ርካሾቹ ፓወር ሰፕላዮች ላይ «500 ዋት» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ያናድደኛል። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብብ፤ የ12 ቮልቱ መስመር 20 አምፔር ከሆነ ለፕሮሰሰሩና ለግራፊክስ ካርዱ ያለህ 240 ዋት ብቻ ነው። በ12 ቮልቱ መስመር ብቻ ከ600 ዋት ያላነሰ የሚሰጥ፣ ለፕሮሰሰሩም የራሱ ባለ 8 ፒን ገመድ ያለው ግዛ። ባለ 4 ፒኑን ወደ 8 የሚቀይሩት መሸጋገሪያዎች ይግላሉ፤ አትጠቀምባቸው።

አዲሱን ከገጠምክ በኋላ ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ልክ መልስና ያንኑ ቪዲዮ አውጣ። ካለቀ ባዮሱ ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስነውን ቁጥር፣ ማባዣውን፣ 47 አድርግ (4.7 ጊጋኸርዝ ማለት ነው)፤ ቮልቴጁን በእጅህ 1.25 ላይ አስረው። አንድ ሰዓት በሙሉ ሸክም ፈትን። ከጸና ማባዣውን አንድ ጨምር፤ ካልጸና ቮልቴጁን በ0.01 ከፍ አድርግ። ከ1.35 አትለፍ፤ ሙቀቱም ከ85 ዲግሪ በላይ ከሄደ አንድ ደረጃ ውረድ። 4.8 ጊጋኸርዝ ላይ ከቆመ ለሥራህ ይበቃል።

አሁንም ከጠፋ በፋብሪካው ልክ እየሠራህ የማዘርቦርዱን ስም ላክልኝ፤ ያኔ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ የሚያዘጋጀውን ክፍል እናያለን። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ግን ለማንም አትስጥ፣ አትክፈተውም።