ፀሐይ በማትወጣበት ወቅት መጻፍ

ጥያቄ፦ በሰሜን ኖርዌይ በምትገኘው ትሮምሶ ከተማ የመጀመሪያውን የብርድ ወቅት እያሳለፍኩ ነው። ቀድሞ በየቀኑ እጽፍ ነበር፤ አሁን ግን ጨለማው መጻፉንም ከቤት መውጣቱንም አስጠልቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከተማዎ ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ስለምትገኝ፣ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። ይሁን እንጂ ቀኑ ሙሉ በሙሉ ጨለማ አይደለም፤ እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት በበረዶው ላይ የሚፈሰው ሰማያዊ ብርሃን፣ በእኛ እምነት፣ ለጸሐፊ ከበጋው ፀሐይ የማያንስ ስጦታ ነው። ስለዚህ የእግር ጉዞዎን ከዚያ ሰዓት ጋር ያስማሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ማንም ሰው ባልለማ መሬት ላይ በእግሩ እንዲዘዋወር ስለሚፈቅድ፣ ጫካውና ተራራው ለእርስዎም ክፍት ናቸው። የእስክሪብቶ ቀለም በብርድ ስለሚወፍር እርሳስ ይያዙ። ከዚያም ቆም ብለው ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ለምሳሌ ሰማዩ ከትናንቱ በምን እንደተለየ፣ በረዶው ሲረግጡት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳሰማ (ብርዱ ሲበረታ ድምፁ እየቀጠነ እንደሚሄድ ራስዎ ያስተውላሉ)። የመንፈስ ጭንቀቱ ከጸናብዎ ግን ሐኪም ለማማከር አይዘግዩ። ቤት ሲመለሱ እነዚያን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች፣ ጣትዎ ሳይሞቅ በፊት፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቧቸው።