ለአረፋ የታረደው ሙክት ስጋ ለምን ውሃ ሆነ?

ከደሴ ዙሪያ አንድ አባት የላኩልን ደብዳቤ አጭር ነው። እንዲህ ይላል፦ «ለአረፋ ብዬ ያከረምሁትን ሙክት አረድሁት። ሲያዩት ሆዱ የሞላ ነበር። ስጋው ግን ድስት ውስጥ ውሃ ሆነ። ቢበሉትም ኃይል የለው። አዲስ አበባ የሚሠራው የወንድሜ ልጅ፣ የበሰለ የአሳማ ስጋ ከሁሉም ስጋ ይበልጣል ይላሉ አለኝ። እኛ እሱን አንነካም። በጌ ሳር ጠፍቶበት አያውቅም፤ ክረምት ከበጋ ወንዝ ዳር ጨፌው ላይ ነው የሚውል። ጉበቱም ጠንክሮ ቢላ እምቢ ስላለ ለውሻ ጣልነው። ለበግ ስጋ ኃይል የሚሰጥ ምን መኖ አለ?»

አባቴ፣ የጠየቁኝ ስለ መኖ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጉት ነገር ነው፤ ጨፌውና ጉበቱ። በግዎ የተራበ አይመስለኝም። የጉበት ትል ነው የጎዳው። የሆድ ትልም በግን ያገረጣል፣ ላቱን ያሟጥጣል። ጉበትን ቢላ እስኪያስቸግር የሚያጠነክረው ግን የጉበት ትል ነው። ዓመቱን ሙሉ ጨፌ ላይ የሚውል የደጋ በግ ደግሞ ይህ ትል ባይኖርበት ነው የሚገርመኝ።

አስቀድሜ የወንድምዎን ልጅ ልመልስለት። የበሰለ ቀይ የአሳማ ስጋ በ100 ግራም ውስጥ 27 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለው። ጤነኛ የበግ ቀይ ስጋም ሲበስል ከዚያ ብዙ አይርቅም። አሳማ በእርግጥ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ1 የሚባለው። ከ100 ግራም የበሰለ ስጋ ብቻ አንድ ሰው በቀን ከሚፈልገው ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገኛል። በብረት፣ በዚንክና በቫይታሚን ቢ12 ግን የሚበልጠው በግ ነው። ቢ1 እንደሆነ ባቄላ፣ ምስርና አተር ውስጥ አለ፤ እነዚህ ደግሞ ከወሎ ገበታ አይጠፉም። ስለዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ ባለመብላቱ የቀረበት ነገር የለም። ችግሩ የበግ ስጋ መሆኑ አይደለም። የታመመ በግ ስጋ መሆኑ ነው።

ማንኛውም ስጋ ሲበስል ከክብደቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ሲሶውን ያጣል። ይህ ያለ ነው። የእርስዎ ግን ከዚህ ያለፈ ነው። ትሉ ጉበት ውስጥ ተቀምጦ ደም ይመጥጣል። ከደሙ ጋር ፕሮቲኑም አብሮ ይወጣል። ደም ፕሮቲን ሲያንሰው ውሃውን መያዝ ያቅተዋል። ያ ውሃ ወደ ስጋው፣ ወደ ሆድ ዕቃውና ወደ አገጩ ሥር ይወርዳል። ሆዱ የሞላ ነበር ያሉኝ ጥጋብ ላይሆን ይችላል። እስቲ ያስታውሱ፤ ማታ ከግጦሽ ሲመለስ አገጩ ሥር አብጦ፣ ጠዋት ጎድሎ አያውቅም? የቀሩትን በጎች ደግሞ ይያዙና የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልበጥ አድርገው ይዩ። ቀይ መሆን ሲገባው ነጣ ካለ ደም አንሷቸዋል። እንዲህ ላለ በግ የቱንም ያህል ፉርሽካ ቢያቀርቡለት ከእሱ በላይ የሚጠቀመው ትሉ ነው።

ትሉ በጨፌው በኩል ነው የሚመጣው። እንቁላሉ ከበጉና ከከብቱ እበት ጋር ይወርዳል። እርጥብ መሬት ላይ ይፈለፈልና ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተባዝቶ ይወጣና ከውሃው አጠገብ ያለ ሳር ላይ ይለጠፋል። በጉ ሳሩን ሲግጥ ይውጠዋል። ከክረምቱ በኋላ ሳሩ በዚህ ይሞላል። በበጋ ደግሞ ሌላው መሬት ሁሉ ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ጨፌው ብቻ ስለሆነ መንጋው በሙሉ እዚያው ይከማቻል። በልግ ሲዘንብ እንደገና ይጀምራል።

አሁን ወደሚያደርጉት ነገር ልምጣ። ለእርድ ወይም ለገበያ ያሰቡትን በግ ከበዓሉ 3 ወር ቀደም ብለው ከጨፌው ያውጡት። መላውን መንጋ ማለቴ አይደለም፤ 1 ወይም 2 በግ ብቻ። ቤት አጠገብ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ይሰሩት። ውሃ ከወንዝ ዳር ሳይሆን በባልዲ ይስጡት።

ያወጡት ሳምንት መድኃኒት ያጠጡት። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። በየቦታው የሚገኘው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ብቻ ነው። ትንሹ ትል ለማደግ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈጅበት፣ መድኃኒቱን ዛሬ ቢሰጡ ትንሹ ተርፎ ነገ ያድጋል። ትሪክላቤንዳዞል የሚባለው ትንሹንም ትልቁንም ይገድላል። የእንስሳት ጤና ኬላ ሄደው መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ። ከጠፋ አልቤንዳዞሉን አሁን አንዴ፣ ከ10 ሳምንት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ይስጡት። ለጉበት ትል የሚሰጠው መጠን ለሆድ ትል ከሚሰጠው እንደሚበልጥም ለባለሙያው ያስታውሱት።

መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ሚዛን የለኝም እንዳይሉኝ፤ እህል ነጋዴው ጋ አለ። በጉን ታቅፈው ይመዘኑ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑ፣ ልዩነቱ የበጉ ክብደት ነው። ገበያ ላይ ክኒን ገዝቶ ለሦስት ለአራት በግ መሸራረፍ ትሉን መድኃኒት ማላመድ ነው። በበዓሉ ዋዜማም መድኃኒት አይስጡ። መድኃኒቱ ከስጋው እስኪጠፋ የሚጠበቅ ጊዜ አለ፤ ስንት ቀን እንደሆነ ሲገዙ ይጠይቁ። 3 ወር ቀድመው ከጀመሩ ለዚህም ጊዜ ይበቃዎታል።

የጨፌውን ሳርም አይተዉት። ትሉ በብዛት የሚለጠፈው ከሳሩ ታችኛው ክፍል ስለሆነ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ትተው ይጨዱት። እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ጸሐይ ላይ ያድርቁት። ሁለት ሦስት ወር ደረቅ ቦታ ከርሞ ቢሰጥ ይመረጣል። እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ትሉ ውስጡ ለወራት ይቆያል። በዚህ ላይ የባቄላና የምስር ገለባ ይጨምሩበት። ይህንን ብዙ ሰው አውድማ ላይ ይተወዋል፤ ከጤፍና ከስንዴ ጭድ ግን በፕሮቲን ይሻላል። አቅም ካለዎት በቀን 200 ግራም ያህል የኑግ ፋጉሎ ያክሉለት። ትሉ ከወጣለት በኋላ መኖው በጉ ላይ ይታያል። ላቱን ዳሰስ እያደረጉ ይከታተሉት።

አንድ ነገር ግን ልቆጣዎት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉበቱን ለውሻ ለምን ጣሉት? ይህን እርስዎ ብቻ አይደሉም የሚያደርጉት፤ በየደረስኩበት አየዋለሁ፤ ሁልጊዜም ያስጨንቀኛል። በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይተው ያውቁ ይሆናል። ያ ሌላ ትል ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ልጆች ውሻውን ሲዳስሱ፣ በዚያው እጅ ሲበሉ ይገባባቸዋል። ከዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይበቅላል። ያለ ቀዶ ሕክምና የማይወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የተበላሸ የሆድ ዕቃ ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። እባክዎን ይህን ለጎረቤትም ይንገሩልኝ።

ደግሞ ጉበቱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ከበጉ ሁሉ የበለጠው ክፍል ነበር። 100 ግራም የበሰለ ጤነኛ የበግ ጉበት 8 ሚሊ ግራም አካባቢ ብረት አለው፤ ይህም የቀይ ስጋውን አራት እጥፍ ያህል ነው። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ለቀናት የሚበቃ ይዟል። በዚህ ብዛቱ የተነሳ ነፍሰ ጡር ሴት ጉበት ባታዘወትር ይሻላል፤ ደም ላነሰው ልጅ ግን በደንብ በስሎ ትንሽ በትንሽ ቢሰጠው ይጠቅመዋል። ቅቅል ሲሠሩም መረቁን አይድፉት። ቢ1ን የመሳሰሉት ቫይታሚኖች ውሃው ውስጥ ይሟሟሉ።

ለሚመጣው በዓል ሙክቱን ሲያርዱ ጉበቱን ሰንጥቀው የሐሞት ቱቦዎቹን ይዩ። ወፍረው፣ ነጭ ሆነው፣ ውስጣቸው ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ከተገኘ ከጨፌው ዘግይቶ ነው የወጣው፤ ወይም መድኃኒቱ አንሶታል። ጨፌው የጋራ ስለሆነ እርስዎ ብቻ በጎችዎን ቢያክሙ የጎረቤቱ መንጋ መልሶ ይዘራበታል። የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያነጋግሩና ጨፌውን የምትጋሩ ሁሉ በጥር አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሳይገባ ሰኔ ላይ ደግሞ ሌላ ቀን ቆርጣችሁ በጉንም ከብቱንም አብራችሁ መድኃኒት አጠጡ።