የመሃል ስፒከሩ ለምን ደከመ?

ጥያቄ፦ ሳሎኔ 4 በ5 ሜትር ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ። ፊልም ስናይ ንግግሩ አይሰማም፤ ድምፅ ስጨምር ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። የግራና የቀኙ ስፒከሮች የቆዩ ናቸው፤ የመሃሉን በቅርቡ ከሌላ ብራንድ ገዛሁ። ተበላሽቶ ይሆን?
ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ወደ ሱቁ ከመመለስዎ በፊት ማኑዋሎቹ ላይ ያለውን ሴንሲቲቪቲ (ስፒከሩ በተመሳሳይ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየውን ቁጥር) ያነጻጽሩ። የጎኖቹ 91፣ የመሃሉ 86 ዲሲቤል ከሆነ፣ እኩል ለመሰማት የመሃሉ ሦስት እጥፍ ያህል ዋት ይፈልጋል። ይህ በአምፕሊፋየሩ ሜኑ ይስተካከላል። ቴስት ቶኑን (አምፕሊፋየሩ ለሙከራ የሚያወጣውን ድምፅ) ያስጀምሩ፤ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ሆነው በስልክ የድምፅ መለኪያ እያንዳንዱን ስፒከር 75 ዲሲቤል ላይ ያድርሱ። የስልክ ንባብ ትንሽ ቢሳሳትም ግድ የለም፤ የሚፈለገው እኩልነቱ ነው።

የቃና ልዩነትን ግን ሜኑ አያድነውም። ተዋናዩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተናገረ ሲያልፍ መሃል ላይ ሌላ ሰው ከመሰለ፣ ሦስቱም የፊት ስፒከሮች ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሲሪስ መሆን አለባቸው። የኋላዎቹ ቢለያዩ ብዙ አይጎዳም።

ኦሙንም (ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚገታበትን መጠን) አይዝለሉት። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ «ከ6 እስከ 16 ኦም» ካለ፣ ባለ 4 ኦም አይሰኩበት። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን በአንድ መውጫ ላይ በፓራለል (ፕላስን ከፕላስ፣ ማይነስን ከማይነስ) ማሰርም ያው 4 ኦም ነው፤ አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ ከዚያ ይጠፋል።

የመሃሉ ቲቪ ማስቀመጫው ውስጥ ከተወሸቀ እስከ ጫፉ ያውጡትና ፊቱን ወደ ጆሮዎ ያዙሩት። ሴራሚኩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ ያድርጉ፤ አዲስ ስፒከር ከመግዛት ይህ ይቀድማል።