ስለ ገና ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ

ድሬዳዋ ላይ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። ካህን አይደለሁም። ገና ሲቃረብ ሰው መንገድ ላይ ሳይቀር እያስቆመ ይጠይቀኛል። ዘንድሮ «ያላችሁን ሁሉ አምጡ» አልኩ። ጥያቄው ጎረፈ። ከየት እንደተጠየቀ ሰፈሩን ብቻ ጽፌያለሁ።

ከሳቢያን፦ እናንተ ገናን ከፈረንጆቹ ጋር ታኅሣሥ 16 ነው የምታከብሩት አይደል?

አይደለም። የኢትዮጵያ ካቶሊኮች እንደ ኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ታኅሣሥ 29 እናከብራለን፤ በዘመነ ዮሐንስ 28። ሮም ናት 16 ላይ የምታከብረው። የቀን ክርክር እኔን ይሰለቸኛል። ወንጌል የልደቱን ቀን አልጻፈልንም።

ከከዚራ፦ ጋሼ፣ የኢየሱስ ልደት ከሆነ እንደ ሰው ልደት ማለት ነው? ወይስ ሌላ ትርጉም አለው?

የሰው ልደት ስናከብር ያልነበረ ሰው ወደ ዓለም መጣ ብለን ነው። ገና ላይ የምናከብረው ግን ከዘመናት በፊት የነበረውን ነው። እግዚአብሔር ወልድ አምላክነቱን ሳይተው ከድንግል ማርያም ሥጋ ነሥቶ ሰው ሆነ። ምስጢረ ሥጋዌ የምንለው ይህንን ነው።

ለምን ሰው ሆነ? «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ» የተባለው መጽሐፍ ከቁጥር 457 እስከ 460 አራት ምክንያት ያስቀምጣል። ከእግዚአብሔር ጋር ሊያስታርቀን፣ ፍቅሩን እንድናውቅ፣ የቅድስና አርአያ ሊሆነን፣ በመጨረሻም የመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች ሊያደርገን። ብዙ ሰው ሦስቱን ይዞ አራተኛውን ይረሳዋል። እኔ ግን የገና ልቡ እዚያ ነው ባይ ነኝ። ይቅር ብሎን ብቻ አልሄደም፤ የራሱን ሕይወት ሊያካፍለን መጣ። ቅዱስ አትናቴዎስ «አማልክት እንድንሆን ሰው ሆነ» ብሎ ጽፏል። አትደንግጡ፤ በባሕርይ ሳይሆን በጸጋ ማለቱ ነው። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እኮ ይኸው አትናቴዎስ ነው። ትምህርቱ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ እንዳይመስላችሁ።

ሮም በምትከተለው በላቲን ሥርዓት በገና ቅዳሴ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም «ሰው ሆነ» የሚለው ጋ ሁሉም ይንበረከካል። በሌላው እሑድ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

ከሐረር ጀጎል፦ ቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ በሣር የሚሠራው በረትና ምስሎቹ ጣዖት አይሆኑም?

ለጭቃና ለእንጨት አንሰግድም። ነገሩን የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1223 ግሬቾ በምትባል የጣሊያን መንደር ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ነው። ድርቆሽ አስመጣ፣ በሬና አህያ አቆመ። ሰው የሚረሳው ግን ቀጥሎ ያደረገውን ነው። እዚያው ግርግሙ ላይ ቅዳሴ አስቀደሰ። ከብት በሚበላበት ገንዳ የተኛው ሕፃን አድጎ «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» ብሏልና፣ ግርግሙን ከመሠዊያው መለየት አይቻልም። ስለዚህ ግርግሙን ፎቶ አንስቶ ከቅዳሴ በፊት የሚወጣ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ደግሞ ሐረር ይህ እንግዳ ሊሆንባት አይገባም። ልጅ ተፈሪን በልጅነታቸው ካስተማሩት አንዱ የሆኑት የሐረሩ ጳጳስ አንድሬ ያሮሶ ካፑቺን ነበሩ። ካፑቺኖች ማለት የፍራንቸስኮስ ልጆች ናቸው።

ከሳቢያን፦ የገና ዛፍስ?

ጌጥ ነው። ብታቆም አትጸድቅም፣ ባታቆም አትኮነንም።

ከመጋላ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። ገና ላይ ጎረቤቶቼ ጋ እሄዳለሁ። ግን «አምላክ ወለደ» ስትሉ ይከብደኛል። ቅር አይበላችሁ።

ምን ቅር አለ አቦ! እግዚአብሔር እንደ ሰው ሚስት አግብቶ ወለደ የሚል ካለ፣ እሱ ለእኛም ክህደት ነው። ጸሎተ ሃይማኖታችን «ብርሃን ከብርሃን» ይላል፤ ከሥጋ በፊት ያለ፣ ጊዜ የሌለው መወለድ ነው። ያም ሆኖ ኢየሱስ አምላክ ነው እንላለን፣ እናንተ ነቢይ ነው ትላላችሁ። ይህንን ለጉርብትና ብዬ አላድበሰብሰውም። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ሙስሊሞች ኢየሱስን እንደ ነቢይ፣ እናቱንም ድንግል ማርያምን እንደሚያከብሩ በአክብሮት ጽፏል። ያንን ይዘን ቡና መጠጣት እንችላለን። ስጋውን ማን እንዳረደው ግን ሳታፍር ጠይቅ፤ ጥሩ ጎረቤት ለብቻ ያሳርድልሃል።

ከገንደ ቆሬ፦ የሰብአ ሰገል ስጦታ ምን ትርጉም አለው?

ወርቁ ለንጉሥነቱ፣ ዕጣኑ ለአምላክነቱ፣ ከርቤው ለሞቱ። ቀፊራ ገበያ ስትሄጂ ዕጣኑን እያሸተትሽ አስቢው።

ከደቻቱ፦ ከቁርባን ከራቅሁ ዓመታት ሆነኝ። ለገና ብቻ ብቅ ብል ያሳፍራል?

አያሳፍርም፣ ነይ። ወደ ግርግሙ መጀመሪያ የተጠሩት ሌሊት መንጋ ሲጠብቁ ያደሩ እረኞች ናቸው፤ ማንም ታጥባችሁ ኑ አላላቸውም። ለመቁረብ ግን መጀመሪያ ንስሐ መግባት አለብሽ። ለዋዜማው አታቆዪው። ያን ዕለት ሰልፉ ረጅም ነው፣ ካህኑም ይደክማቸዋል። በአዘቦት ቀን ሂጂና «አባ፣ ከተናዘዝኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል» በያቸው። ከዚያ እሳቸው እየጠየቁ ያግዙሻል።