ማቅለጥ፣ ማንጠር ወይስ ማጥራት?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ለባህላዊ ወርቅ አምራቾች የሚሆን የሥልጠና ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። እኔ «ወርቁን ከባዜቃ ጋር ማቅለጥ» ብዬ ጻፍኩ (ባዜቃ ያልኩት ሜርኩሪን ነው)። አንዱ ባልደረባዬ «ማንጠር ነው የሚባለው» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ማጣራት በል» አለች። ማን ነው ልክ? ደግሞስ ወርቅና መዳብን «ብረት» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ሦስቱም ቃላት ጥሩ አማርኛ ናቸው። የሚናገሩት ሥራ ግን ይለያያል። በእርስዎ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ልዩነቱ የሰው ጤና ይነካል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ማቅለጥ ጠጣሩን ነገር በሙቀት ፈሳሽ ማድረግ ነው። በቃ፣ ከዚህ አያልፍም። ከምን ተለየ፣ ምን ቀረ የሚለውን ቃሉ አይነግረንም። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ውድቅዳቂ ብረት ፋብሪካ ገብቶ ሲቀልጥ፣ የገባውም የወጣውም ብረት ነው። ስለዚህ «ብረት ማቅለጫ» የሚለው ስም እዚያ ቦታ ልኩ ነው። ወርቅ ሠሪው አሮጌ ቀለበት ተቀብሎ የጆሮ ጌጥ ቢያደርገውም ያው ማቅለጥ ነው። ወርቅ 1,064 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፤ ብር 962፣ መዳብ 1,085 ላይ።

ማንጠር ግን መለየትን ይጨምራል። ቅቤ አንጥሮ የሚያውቅ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ቅቤን ማቅለጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። ሲነጠር ግን ውሃው ይተናል፣ አተላው ከታች ይዘቅጣል፣ ጥሩው ቅቤ ለብቻው ይቀዳል። «አንጥረኛ» የሚለው የሙያ ስም የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። የኬሚስትሪ መምህራን «ንጥረ ነገር» የሚሉትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከሌላው ያልተቀላቀለ፣ ለብቻው የወጣ ማለት ነው። ቃሉን ለመረጡት ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። አዲስ ሳይንስ ሲመጣ ምድጃው አጠገብ የነበረውን የአገር ቃል አነሡና ሥራ ሰጡት።

አሁን ከድንጋይ ብረት ወደሚያወጡት የጥንት ባለሙያዎች እንሂድ። ብዙ ጽሑፍ «ብረቱን አቅልጠው ያወጡ ነበር» ይላል። ይሄ አባባል የሚያሳስት ነው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ላይ ነው። በወናፍ የሚናፋ የከሰል ምድጃ ደግሞ በአብዛኛው 1,200 ዲግሪ ገደማ ቢደርስ ነው። ታዲያ ምን ይሆናል? ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የኖረውን ኦክስጅን ይነጥቀዋል። ቀልጦ የሚፈሰው ድንጋዩ ነው። ብረቱ ሳይቀልጥ፣ ቀዳዳ የበዛበት ጓል ሆኖ ምድጃው ውስጥ ይቀራል። ቀጥቃጩ ያንን ጓል በትኩሱ በመዶሻ እየደበደበ፣ በየቀዳዳው የተሸጎጠውን ቆሻሻ ያስወጣል። ስለዚህ «ብረት ማቅለጥ» ካልን የሥራውን ዋና ነገር አዛባነው። «ከድንጋዩ ብረት ማንጠር» ብንል ግን አንሳሳትም። ቃሉ ስለ እሳትና ስለ መለየት ይናገራል እንጂ ብረቱ ፈሰሰ አይልም። በልማድ ማንጠርን የምናውለው ለወርቅና ለብር መሆኑን አውቃለሁ። ለብረትም ቢውል ግን ጆሮ የሚያስቀይም አይመስለኝም።

የዚህ ባለሙያ ነገር ሲነሣ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ቀጥቃጭ» እና «ጠይብ» በአገራችን ለረጅም ዘመን ስድብ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። እንዲህ ያለውን እሳትና አየር እያመዛዘነ የሚሠራ ሰው የሰደብንበት ዘመን ያሳዝነኛል። በጽሑፍዎ ውስጥ «ቀጥቃጭ» የሚለውን የሙያ ስም አድርገው በክብር ይጠቀሙበት፤ ያምራል። «ጠይብ» የሚለውን ግን እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ ቁስሉ አልሻረም።

ማጥራት ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ብረታ ብረቱ ከድንጋዩ ወጥቷል፤ የቀረውን ጥቂት እድፍ ማስወገድ ነው። በእሳት ሊሆን ይችላል፣ በአሲድ ሊሆን ይችላል፣ በኤሌክትሪክም ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ከምድጃ የወጣ መዳብ 99 ከመቶ ገደማ ንጹሕ ነው። ለኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ይሄ አይበቃም። ስለዚህ ወፍራም ጠፍጣፋ ተደርጎ አሲድና የመዳብ ጨው ባለበት ገንዳ ውስጥ ይሰቀላል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት መዳቡ ከዚያ ጠፍጣፋ እየሟሟ ፊት ለፊቱ በተሰቀለ ሌላ ስስ ጠፍጣፋ ላይ ይለጠፋል። እዚያ የሚሰበሰበው መዳብ 99.99 ከመቶ ንጹሕ ይሆናል። መዳቡ ውስጥ የነበሩት ወርቅና ብር ደግሞ ከገንዳው ሥር ይዘቅጣሉ፤ እነሱም ይሸጣሉ። እዚህ ገንዳ ውስጥ እሳት የለም፣ የቀለጠም ነገር የለም። «መዳቡን በኤሌክትሪክ ማጥራት» ነው የሚባለው።

«ማጣራት በል» ያለችው ባልደረባዎ ሩቅ አልሄደችም። ነዳጅ «ማጣሪያ» ብለን ለምደናል፤ እሱን መቀየር አያስፈልግም። ሆኖም «አጣራ» በአብዛኛው በወንፊት ወይም በጨርቅ ማሳለፍን፣ ወይም አንድን ጉዳይ መመርመርን ያሳስበናል። ለወርቅ «አጠራ» ይሻላል፤ «የጠራ ወርቅ» ነው የምንለው። ዛሬ ለሁሉም ነገር የምንጠቀምበት «ጥሩ» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ የመጣ ነው። በኦሪት ዘጸአት ታቦቱ የተለበጠበት «ጥሩ ወርቅ» ሲባል፣ ያልተደባለቀ ማለት ነው እንጂ ደስ የሚል ማለት አይደለም። በትንቢተ ሚልክያስ 3፥3 ላይም ማንጠርና ማጥራት ጎን ለጎን ገብተዋል። ተርጓሚዎቹ ሁለቱን አንድ አላደረጓቸውም፤ እኛም ማድረግ የለብንም።

እንግዲህ ወደ ባዜቃው። ወርቅ አጣቢው ወርቅ ያለበትን አሸዋ ከባዜቃ ጋር ያሻል። ባዜቃው ደቃቁን ወርቅ ይይዛል። ድብልቁ በጨርቅ ይጨመቅና እሳት ላይ ይደረጋል። ባዜቃ 357 ዲግሪ ላይ ይፈላል። በዚያ ሙቀት ወርቁ ለመቅለጥ ገና 700 ዲግሪ ይቀረዋል። ስለዚህ እዚያ እሳት ላይ ወርቅ አልቀለጠም። የሆነው ነገር ባዜቃው ተንኖ አየር ውስጥ መግባቱ ነው። ተኑ አይታይም፣ አይሸትም። በአፍንጫ ገብቶ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል። በማኅፀን ያለ ልጅንም ይጎዳል። በዚህ የተነሣ ዓለም በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሚናማታ በተባለው ስምምነት የባዜቃን አጠቃቀም ለመቀነስ ተስማምቷል።

አሁን «ወርቁን ከባዜቃ ጋር ማቅለጥ» የሚለውን እንደገና ያንብቡት። ሠልጣኙ ሲሰማው የሚያስበው ስለ ወርቁ ነው። የሚገድለው ተን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። «ማንጠር» ቢሉትም ቃሉ ስለ አደጋው ዝም ይላል። ስለዚህ ባልደረባዎ በቋንቋው ልክ ቢሆንም፣ እዚህ ቦታ ሁለቱንም ይተዉና «ባዜቃውን በእሳት ማትነን» ብለው ይጻፉ። ቀጥሎም «ተኑ መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥም ሆነ ልጆችና ነፍሰ ጡር ባሉበት አይደረግም» የሚለውን እዚያው ያያይዙት። ወደ ሌላ ገጽ አይውሰዱት።

ትልልቆቹ ማዕድን ማውጫዎች ደግሞ ወርቁን ከተፈጨው ድንጋይ የሚያወጡት ሳያናይድ በተባለ መርዛማ ኬሚካል አሟሙተው ነው። ለሱ «ማሟሟት» ይበሉ።

ስለ «ብረት» ለጠየቁት፦ ወርቅን «ብረት ነው» ቢሉት ሰው ግራ ይጋባል። በአማርኛ ብረት ሲባል ማረሻውና ምስማሩ ነው የሚታሰበው። ወገኑን በሙሉ ለመጥራት «ብረታ ብረት» አለን፤ እንደ ቅጠላ ቅጠል ማለት ነው። «ወርቅና መዳብ ከብረታ ብረት ወገን ናቸው» ይበሉ። «ማዕድን» ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። ጨውም፣ ድንጋይ ከሰልም፣ ኦፓልም ማዕድን ይባላሉ፤ አንዳቸውም ግን ብረታ ብረት አይደሉም።