«ባዶ» እና «ምንም» አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ቫኪዩም ለተማሪዎች ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ ‹ባዶ ሕዋ ማለት ምንም ማለት ነው› ብዬ ጻፍሁ። የአማርኛ መምህር የሆኑ ባልደረባዬ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስውም በሐሳብም ጎደሎ ነው አሉኝ፤ ለእኔ ግን ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው። ማናችን ነን ትክክል?»

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው፤ እርማታቸውም ከሰዋስው አልፎ እስከ ፊዚክሱ ይደርሳል።

«ምንም» አሉታዊ ግሥ ካልተከተለው አለመኖርን አይናገርም። «ምንም የለም»፣ «ምንም አላየሁም» ስንል አለመኖሩን የሚሸከሙት «የለም» እና «አላየሁም» ናቸው፤ አሉታው ሲነሣ፣ «ምንም ቢሆን እመጣለሁ» በሚለው ውስጥ እንደምናየው፣ ቃሉ ወደ «ማናቸውም ነገር» ይጠጋል። «ምን ሆንህ?» ተብሎ «ምንም» የሚል ሰው እንኳ «አልሆንሁም»ን ውጦት ነው።

«ባዶ» ግን አንድ ዕቃ ወይም ቦታ ይዞ የሚሄድ ቅጽል ስለሆነ «ከምን ባዶ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ እግር አለው፤ የሌለው ጫማ ነው። ከሁሉ የምወደው ምሳሌ በከተማዎ በየቢራ ማከፋፈያው በር የሚታየው ነው፦ «ባዶ ሳጥን» ይዞ የመጣ ደንበኛ በውስጡ 24 ጠርሙስ ካልደረደረ ሳጥኑ ጎደሎ ይባልበታል። ያ ሳጥን ከቢራ ባዶ ነው፤ ከጠርሙስ ግን ሙሉ ነው፤ ጠርሙሶቹም በተራቸው አየር ሞልቷቸዋል።

አየሩ መኖሩን ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግዎትም። ደሴ ላይ የታሸገ ውሃ ጠጥተው ባዶውን ፕላስቲክ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉትና በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ይውረዱ፤ ሲደርሱ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ያገኙታል። የያዘው የደሴን አየር ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በምትገኘው በኮምቦልቻ ደግሞ የአየሩ ግፊት የበረታ ስለሆነ ከውጭ ይጫነዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ባዶው ሳበው» ይላል፤ ሥራውን የሠራው ግን የውጭው አየር ነው።

ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 ያሳየው ይህንኑ ነበር። አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስታወት ቱቦ በሜርኩሪ ሞልቶ፣ ሜርኩሪ በያዘ ሳህን ውስጥ ሲደፋው፣ ሳህኑን የሚጫነው የውጭ አየር ደግፎት ፈሳሹ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቆመና ከበላዩ ክፍተት ቀረ (ሙከራው ኮምቦልቻ ላይ ቢደገም ወደ 61፣ ደሴ ላይ ወደ 57 ዝቅ ይላል)። ክፍተቱ ከአየር ባዶ ነው፤ ሆኖም ብርሃን ያልፍበታል፣ ጥቂት የሜርኩሪ ተንም አለበት።

በከዋክብት መካከል ያለው ሕዋ ከዚያ እጅግ የጠራ ነው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ አየር ወደ 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ሞለኪውሎች ሲይዝ፣ እዚያ በአማካይ አንድ አቶም ያህል ቢገኝ ነው። ያን አቶም ብናወጣው እንኳ ከጥንተ ዩኒቨርስ የቀሩ 400 ያህል የብርሃን ቅንጣቶች በየሴንቲ ሜትር ኩቡ አሉ። እነርሱንም ብናስወጣ ኤሌክትሮማግኔታዊው መስክ (ብርሃን ራሱ ሞገዱ የሆነው፣ በቦታው ሁሉ የተዘረጋው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ) ይቀራል፤ የጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ በሆነው በኳንተም ፊዚክስ መሠረት ደግሞ የመስኩ ዝቅተኛ ኃይል ዜሮ ስላልሆነ መስኩ ፍጹም ሊረጋ አይችልም። ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ካሲሚር እ.ኤ.አ. በ1948 ከዚህ ተነሥቶ፣ ኤሌክትሪክ ያልያዙ ሁለት የብረት ዝርጎች በባዶ ቦታ እጅግ ተቀራርበው ቢቆሙ እንደሚሳሳቡ አሰላ፤ የመሳሳባቸው ኃይልም እ.ኤ.አ. በ1997 በጥሩ ትክክለኛነት ተለካ። (እዚህ ላይ «ባዶው ሳበው» የሚለው ሰው ትንሽ ሳይካስ አልቀረም።)

ለዚህ ቅሪት የተዘጋጀ የሚመስል ቃል ግን ቀድሞውኑ አለን፤ «ኢምንት»። በግእዝ «ኢ» አሉታ፣ «ምንት» ደግሞ «ምን» ስለሆነ ቃሉ በቁሙ «ምንም ያልሆነ» ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን «ኢምንት ልዩነት» ስንል ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው ማለታችን እንጂ የለም ማለታችን አይደለም። ፍጹም አለመኖርን ለመናገር ሊቃውንቱ «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ»፣ ማለትም ካለመኖር ወደ መኖር፣ ይላሉ፤ በዚያ «አልቦ» ውስጥ ባዶ የሚባል ቦታም የለም። ፊዚክስዎ ግን የሚጀምረው ቦታው ካለ በኋላ ነው።

አንዳንዶች ለቫኪዩም «ኦና»ን ይመርጣሉ፤ እኔ አልመርጠውም፤ ኦና ቤት ሰው ኖሮበት የተለየው ቤት ነውና የሄደ ባለቤትን ያስታውሳል። «ቫኪዩም» የሚለውን ይዘው ማስታወሻዎን እንዲህ ቢያርሙት ባልደረባዎም የሚቀበሉት ይመስለኛል፦ «ቫኪዩም ከአየርና ከሌላ ቁስ ባዶ የሆነ ቦታ ነው፤ ቁስ ባይኖርበትም መስክ አለበት።»